ስለ ዓሣ ገንዳ ውኃ ጠባይ፦ የአባትና የልጅ ምርምር

ዓሣን በብርጭቆ ዕቃ አኑሮ ማየት በእንግሊዝ አገር የብዙ ቤቶች ልማድ ከመሆኑ አስቀድሞ፣ ዓሣ የሚያኖር ሰው ሁሉ ውኃው እየተበላሸ ስለሚያስቸግረው፣ በየጊዜው ደፍቶ አዲስ ከመቅዳት በቀር ሌላ መላ አልነበረውም። በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር የኬሚስትሪ ሊቅ የነበረው ሮበርት ዋሪንግተን ግን እ.ኤ.አ. በ1849፣ 12 ጋሎን ያህል የሚይዝ የብርጭቆ ዕቃ በምንጭ ውኃ እስከ እኩሌታው ሞልቶ፣ ከሥሩ አሸዋና ጭቃ አንጥፎ፣ ዓሦቹ እንዲሸሸጉበት የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ደርድሮ፣ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የሚባለውን የውኃ ሣር አገባበት፤ የከተማው ጥላሸት እንዳይወድቅበትም አፉን በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ሣሩ ለዓሦቹ ኦክስጅን ቢሰጥም ያረጁት ቅጠሎች በስብሰው ውኃውን ስላደፈረሱት፣ የሞተውን ቅጠል የሚበሉ አምስት ወይም ስድስት ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት፤ ውኃውም ጠራ። በማግሥቱ ዓመትም እንስሳና አትክልት አንዱ ለሌላው ሕይወት ደጋፊ መሆኑን ለኬሚስቶች ማኅበር አስረዳ።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ግን በዓይን የማይታይ አንድ ወገን ሳይቈጠር ቀርቶ ነበር፤ ይህንንም ከገለጡት ሊቃውንት አንዱ ስሙን የወረሰው የገዛ ልጁ ነው። ሽሎዚንግና ሙንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1877 ፍሳሽ ውኃን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ መካከል ቀስ በቀስ አሳልፈው አሞኒያው ናይትሬት ሲሆን ካዩ በኋላ፣ የክሎሮፎርም ትነት ቢያስገቡበት ለውጡ ስለ ተቋረጠ፣ ሥራው የሕያዋን ረቂቃን ፍጥረታት መሆኑን አስረዱ። ታናሹ ዋሪንግተንም በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይህንኑ በአፈር ላይ መርምሮ፣ ከረቂቃኑ አንደኛው ወገን አሞኒያን ናይትራይት፣ ሁለተኛው ወገን ናይትራይትን ናይትሬት እንደሚያደርግ አረጋገጠ። ረቂቃኑን ለይቶ ማውጣት ግን ለእርሱ አልሆነለትም፤ ይህ ዕድል በ1890 ዙሪክ ላይ ለሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ደረሰ።

በገንዳም ውስጥ ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ ናይትራይት ሲሆን አሲድ ይወለዳል። የአሲድን ብርታት በቍጥር ለመናገር ያስቻለው ፒኤች የተባለው መለኪያ፣ በ1909 ኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሶረንሰን በተባለ ሊቅ የወጣ ሲሆን፣ ንጹሕ ውኃ 7 ላይ ይቆማል፤ ቍጥሩ በአንድ ሲወርድም አሲድነቱ አሥር እጥፍ ይበረታል። በአዲስ ገንዳ ረቂቃኑ ገና ሳይበዙ አሞኒያ ብቻ በሚጠራቀምበት ጊዜ ፒኤች ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል፤ በዝተው ሲሠሩ ግን ዝቅ ይላል። እንግዲህ አባትዮው ለዓሦቹ መሸሸጊያ ብሎ ያኖረው የኖራ ድንጋይ፣ በውስጡ ያለው ካርቦኔት አሲድን የሚያበርድ ስለሆነ፣ ሳይታሰብ የውኃውም ጠባቂ ነበረ ማለት ነው።

ካርቦኔት በጎደለው ውኃ ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ ረቂቃኑ ይደክማሉ፣ አሞኒያውም ይከማቻል፤ ሆኖም በእንዲህ ያለ ውኃ አብዛኛው ጕዳቱ አነስተኛ የሆነው አሞኒየም ስለሆነ ዓሦቹ ይታገሡታል። ቸኩሎ ፒኤችን በአንድ ቀን ከፍ የሚያደርግ ሰው ግን ያንን አሞኒየም ወደ መርዘኛው አሞኒያ መልሶ ዓሦቹን ይፈጃል። ስለዚህ አስቀድሞ አሞኒያውን መለካት፣ ቀጥሎም ውኃውን ጥቂት በጥቂት በአዲስ መለወጥ፣ አሞኒያው እየቀለለ ካርቦኔቱ በዝግታ እንዲታደስ ያደርጋል።