የራስ ቁስልና የካሣ ፍርድ በይፋት መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ጣርማ በር ላይ ተራራው ተፈልፍሎ በተሠራው ዋሻ ይሾልካል፤ ከዚያም በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ቀወት ቆላ ይወርዳል። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርዳም ደጋ ተነሥቶ 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚደርሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን የመኪና መንገድ ጣሊያኖች የሠሩት በወረራው ዘመን፣ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት የይፋት ሰው የሚያውቀው የግመል፣ የበቅሎና የእግር መንገድ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ የመጣላቸው በ1900 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በዚያ ቁልቁለት መኪና መታየት የጀመረው ከአንድ የሰው ዕድሜ ብዙም በማይበልጥ ዘመን ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

መኪናው ሲመጣ አብሮት አዲስ ጥያቄ መጣ። ጠብ ሳይኖር፣ ቂም ሳይኖር፣ በአንድ ቅጽበት ሰው ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ራሱ ቢመታ ካሣውን ማን ይከፍላል? ስንትስ ይከፍላል? ይህን ለመመርመር ያነሣሣን ጉዳዩ ለሕግ አዋቂዎች ብቻ የሚተው ባለመሆኑ ነው፤ በመንገድ የሚሄድ ሁሉ ባለጉዳይ ሊሆን ይችላልና።

ይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያና በጉርብትና ሲገናኙ የኖሩበት አገር ስለሆነ፣ ስለ ቁስል ካሣ የሚናገሩ ሁለት የቆዩ የሕግ ትምህርቶች ጎን ለጎን ኖረውበታል። ክርስቲያኑ በኦሪት ዘጸአት እንደሚያነበው፣ ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን በድንጋይ ወይም በጡጫ ቢመታውና ተመቺው ሳይሞት አልጋ ላይ ቢውል፣ መቺው ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠበት ጊዜ ዋጋ እንዲከፍልና እስኪድን እንዲያስታምመው ታዟል። ዛሬ የሕክምና ወጪና የቀረ ገቢ ብለን የምንጠራቸው ሁለቱ የካሣ ክፍሎች እነሆ በዚያ አጭር ትእዛዝ ውስጥ አሉ።

በእስልምና የሕግ መጻሕፍት ደግሞ የራስ ቁስል የራሱ የሆነ ምዕራፍ አለው። አንድ ሰው ሲገደል የሚከፈለው ሙሉ ዲያ 100 ግመል ነው። ቆዳው ተሰንጥቆ አጥንት የታየበት ቁስል፣ ሙዲሓ የሚባለው፣ 5 ግመል ያስከፍላል፤ አጥንቱ ከተሰበረ 10፣ የተሰበረው አጥንት ከቦታው ከተናወጠ 15፣ ምቱ እስከ አንጎል ሽፋን ከደረሰ የሙሉው ዲያ ሲሶ ይከፈላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የመጨረሻው ድንጋጌ ነው፤ የተመታው ሰው በሕይወት ቢተርፍም አእምሮውን ካጣ ካሣው እንደ ሞተ ሰው ሙሉ ዲያ ይሆናል። እነዚያ የጥንት ሊቃውንት የራጅ መሣሪያ ሳይኖራቸው፣ የአእምሮ መጥፋት ከሕይወት መጥፋት ጋር እኩል እንደሚመዘን ተገንዝበው ነበር።

በዚሁ ሕግ ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጉዳቱ ሆን ተብሎ ሳይሆን በስሕተት የደረሰ እንደሆነ፣ ከባዱን ዲያ የሚከፍለው ጥፋተኛው ብቻውን ሳይሆን ዓቂላ የሚባሉት የአባት ወገን ዘመዶቹ ተካፍለው ነው። አንዱን ቤት የሚያፈርሰው ዕዳ ለብዙ ቤት ሲከፋፈል ይቀላል፤ ተጎጂውም ከደኻ እጅ ባዶ እጁን አይመለስም። የመድን አሳብ ሥሩ ይኸው ነው።

ከጊዜ በኋላ የመንግሥት ፍርድ ቤቶች ሥራ እየተደራጀ ሲሄድ፣ በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለቃዲዎች ጋብቻን፣ ውርስንና ይህን የመሳሰለውን ጉዳይ እንጂ የአካል ጉዳትን አልሰጣቸውም። ስለዚህ የደምና የቁስል ካሣ ከፊሉ በሽማግሌዎች ጥላ ሥር ቀረ፤ ከፊሉ ወደ ዳኛ ሄደ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ መኪናን በስሙ ጠርቶ ዳኘው። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ነበሩ። በአገራቸው ከፍተኛው የሰበር ፍርድ ቤት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም.፣ በጭነት መኪና ስለ ተጎዳች አንዲት ልጃገረድ ሲፈርድ፣ ተጎጂዋ የነጂውን ጥፋት እንድታስረዳ ሳይገደድ ዕቃውን የሚጠብቀው ሰው ኀላፊ ነው የሚል ሥርዐት አጽንቶ ነበር። የእኛም ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለንብረት፣ ምንም እንኳ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ እንዲሆን ደነገገ። በዚህም ደመኛ የሌለው ደም ከፋይ አገኘ። ካሣውም በቁጥር 2091 መሠረት ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ታዘዘ፤ ወደ ፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም፣ ቁጥር 2092 እንደሚለው፣ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሣል። መለኪያው እንግዲህ የአጥንቱ ስብራት መሆኑ ቀርቶ የሰውየው የወደፊት ኑሮ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሕጉ መልካም ስለሆነ ብቻ ተጎጂው ሁሉ ይካሣል ማለት አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። በራሱ ላይ የተመታ ሰው ግን ከዚህ ተረት ውጭ ነው፤ የተወጋው ራሱ ይረሳልና። ለምሳሌ ያህል በቀወት አንድ ገበሬ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ወደቀ እንበል። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፤ ደሙን ጠረገ፤ «እግዜር አተረፈኝ» አለ። ሽማግሌዎች ገቡ፤ ባለመኪናው ለመታከሚያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ሰጠ፤ ይቅር ተባባሉና ወረቀት ተፈረመ። ቁስሉ ከሻረ ከወራት በኋላ ግን ራሱን ያመው ጀመር፤ እንቅልፍ ነሣው፤ የዘራውን ማሳ ይረሳል፤ በማያስቈጣው ይቈጣል። ሚስቱ ታውቃለች፤ ጎረቤቱም ያያል፤ እርሱ ግን የራሱን ጉዳት ለማስረዳት የሚያስፈልገው መሣሪያ፣ ማለት ናላው፣ የተጎዳበት ሰው ነው። ይህ በእንዲህ እንዳለ የይርጋ ዘመን አይቆምለትም፤ ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ እንዲቀርብ ያዛልና፤ ነገሩ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር።

ሽምግልናን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ በይፋት ደም ያደረቀው ሽምግልና ነው። ነገር ግን ዕርቅ ልብን ለማብረድ ሲሆን መፋጠኑ መልካም ነው፤ የራስ ጉዳትን ዋጋ ለመቍረጥ ሲሆን ግን ሐኪም ሳይመረምር መፋጠኑ ተጎጂውን መበደል ነው። እንዲሁም ነጂው በወንጀል ክስ ነፃ ወጣ ማለት የካሣው ነገር አለቀ ማለት አይደለም፤ በቁጥር 2149 እንደ ተጻፈው የፍትሐ ብሔር ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

ስለ ቁጥሮችም አንድ ነገር እንበል። የ1952ቱ ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ያን ጊዜ ይህ ገንዘብ ትልቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከመቶዎቹ ግመሎች የአንዲቱን ዋጋ እንኳ አይሞላም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ባለመኪና ሁሉ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ሲያስገድድ፣ የአካል ጉዳትን ጣሪያ 40000 ብር አድርጎ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። መድን የሌለው ወይም ማንነቱ ያልታወቀ መኪና ለሚጎዳውም ሰው የሚከፍል ፈንድ ተቋቋመ። በዚህ ባለመኪናዎች ሁሉ በአንድነት እንደ ጥንቱ ዓቂላ ሆኑ፤ ዕዳውን የሚካፈል ዘመድ በሕግ ተፈጠረ። ነገር ግን በገንዘብ የተጻፈ ልክ ያረጃል፤ በግመል የተጻፈው አላረጀም፤ ካሣ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን የሚለውም ቃል አያረጅም። ሕግ አውጪ ልኩን በየጊዜው ማደስ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የጽሑፋችን ፍሬ ይህ ነው። አባቶቻችን አእምሮውን ያጣውን ሰው ከሞተው ጋር እኩል መዘኑት፤ አዲሱ ሕግም ጉዳቱ በሙሉ እንዲካስ አዘዘ፤ በሁለቱ መካከል የሚጠፋው ማስረጃው ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መምህር ብትሆን ለተማሪህ፣ ሹም ብትሆን ለባለጉዳይህ ይህን ንገር፤ ራሱን የተመታ ሰው ቢስቅም ቢራመድም በዕለቱ ሐኪም ይየው፤ የሐኪሙ ወረቀትና የትራፊክ ፖሊሱ መዝገብ በቤት ይቀመጥ፤ የቤተ ሰቡ ሰዎች የሚያዩትን ለውጥ ከነቀኑ ይጻፉለት። እርሱ የረሳውን ሌላው ያስታውስለት ዘንድ ይገባል፤ ዳኛም ሊፈርድ የሚችለው በተጻፈና በተመሰከረ ነገር ነውና።