ሊቨርፑል መሐንዲስ የቀጠረች ጊዜ

ሊቨርፑል ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የእግር ኳስ ቡድኗ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ቦዮቿ ነው፤ ከምድር በታች ስላሉ፣ ማንም ስለማያጨበጭብላቸው ቦዮች።

ዘመኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ከተማዋ በወደቧ ንግድ በልጽጋለች፤ ድኻዋ ግን እንደ ቅጠል ይረግፋል። ከ20,000 የሚበልጥ ሰው ብርሃንና አየር በማያገኝ ምድር ቤት ይኖር ነበር። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ የሊቨርፑል ባለጸጋ በአማካይ በ35 ዓመቱ፣ የቀን ሠራተኛውና ቤተሰቡ ግን በ15 ዓመታቸው እንደሚሞቱ አሰፈረ። ቁጥሩን እንዲህ ያወረደው ከሁሉ በላይ የሕፃናቱ ሞት ነበር። የነበሩት ቦዮች በአብዛኛው የጎዳናውን ዝናብ ለማውረድ የተሠሩ ናቸው፤ የድኻው ቤት ጉድፍ እዚያው ደጃፉ ላይ ይከማች ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ከተማ ቦይ ሲያስፈልጋት ባለሙያ ጠርታ፣ አስቆፍራ፣ ሒሳቡን ከፍላ ማሰናበት ስትችል፣ ለአንድ መሐንዲስ ዓመት እስከ ዓመት ደመወዝ የምትቆርጠው ለምንድን ነው?

ሊቨርፑል በ1846 የራሷን የጤና ጥበቃ ሕግ ከፓርላማ አገኘች። በ1847 መጀመሪያም ዶክተር ዊልያም ሄንሪ ዳንከንን የጤና ሹም፣ የኤድንብራውን ሰው ጄምስ ኒውላንድስን ደግሞ መሐንዲስ አድርጋ ቀጠረች። ኒውላንድስ በብሪታንያ የመጀመሪያው የከተማ መሐንዲስ ሆነ። ይሁንና እጇ ገና አልተፈታም ነበር። ሐኪሙን የቀጠረችው በትርፍ ሰዓት፣ በዓመት 300 ፓውንድ ነው፤ ሙሉ ጊዜውን በ750 ፓውንድ የያዘችው በ1848 ነበር።

ኒውላንድስ ሥራውን የጀመረው በመለካት ነው። ወቅቱ በረሃብ የተሰደዱ አየርላንዳውያን በመርከብ የሚጎርፉበት፣ ታይፈስ በየጓዳው የገባበት ነበር። ሰው እየሞተ፣ መሐንዲሱ ሜዳና ተዳፋቱን እየለካ ካርታ ይስላል! ላየው ሁሉ የሚያስቆጣ ሳይሆን አይቀርም። ግን ውኃ ዳገት አይወጣም። የመላ ከተማዋን ከፍታና ዝቅታ ሳያውቁ የሚቆፈር ቦይ የአንዱን ሰፈር ጉድፍ ወደ ሌላው ሰፈር ከመግፋት አያልፍም። ለአንድ ጎዳና ተጠርቶ የሚመጣ ባለሙያ ደግሞ የሚያየው ያንኑ ጎዳና ነው።

ቁፋሮው በ1848 ተጀመረ። ሆኖም በ1849 ኮሌራ ገብቶ ከ5,000 በላይ ነዋሪዎችን ገደለ፤ ሥራው አልደረሰላቸውም። ኒውላንድስ ግን ቀጠለ። እስከ 1859 ድረስ 86 ማይል ያህል አዲስ ቦይ ተዘረጋ። ኮሌራ በ1866 ተመልሶ ሲመጣ የገደለው ሰው ከቀድሞው ያነሰ ነበር። ለንደን እንኳ ጆሴፍ ባዛልጌትን ዋና መሐንዲስ አድርጋ የሾመችው በ1856፣ ከሊቨርፑል 9 ዓመት ዘግይታ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሊቨርፑል ቅጠሏን የቆረጠችው እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ነው። ቢሆንም ነገ ቦዩ ሲደፈን የሚጠየቅ፣ ትናንት የት እንደተቆፈረ የሚያስታውስ አንድ ሰው በቤቷ አኖረች። ደመወዙ ለዚህ ነበር።