በማን ሕግ እንጫወት?

ሰመራ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨዋታ አይታሰብም። ቀን ቀን ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል፤ ማታ ግን ምንጣፍ ወደ ደጅ ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ሄጄ ሦስት ሳምንት በቆየሁበት ጊዜ እኛም እንዲሁ ደጅ አመሸን። እኔን ጨምሮ አምስት ነበርን፤ አንዱ ጎጃሜ፣ አንዱ ወሎዬ፣ አንዱ የሐረር ልጅ፣ አምስተኛው የአገሩ ሰው፣ አፋር ባልደረባችን። ከወሎዬው ሻንጣ ባለ 12 ጉድጓድ የእንጨት ገበጣ ሲወጣ ሁላችንም ደስ አለን። ደስታው አምስት ደቂቃ አልቆየም።

ጠጠሩ አራት አራት ነው ወይስ ሦስት ሦስት? የሚዘራው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ስታርፍ ተራ ያልፋል ወይስ ፊት ለፊቷ ያለውን ትበላለች? ጎጃሜው «እኛ አገር እንዲህ ብሎ ነገር የለም» አለ። ሐረሬው ሳቀበት። ክርክሩ ሲከር ወሎዬው «በቃ እጅ እናውጣ!» አለና እጅ ወጣ፤ የገበጣው ባለቤት ሕግ አሸነፈ። አፋሩ ወዳጃችን እጁን አላወጣም፣ አልተቃወመምም። ጥቂት አይቶ «ደህና እደሩ» ብሎን ሄደ። በማግስቱ ሥራ አለብኝ አለ። በሠልስቱም።

መቼም የገበጣ ነገር እጅ በማውጣት የሚያልቅ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ ገበጣና ዘመዶቹ ረጅም ጥናት ሲያወጣ፣ ከአውራጃ አውራጃ የሚለያየውን ሕግ እየዘረዘረ ነው ገጹን የሞላው። በሌላው ዓለም የዚህ ጨዋታ ዘመዶች ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ረድፍ ሲሆኑ፣ ባለ ሦስት ረድፉ መገኛው የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነው። በሦስት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጠጠር፣ ድምሩ 54። በመጠራና በየሐ የተገኙ ከ6ኛውና ከ7ኛው ክፍለ ዘመን የሚቆጠሩ የአክሱም ዘመን ቅሪቶችም ለጨዋታው ዕድሜ ምስክር ተደርገው ይጠቀሳሉ። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ነገር አንድ ሕግ ብቻ ቢኖረው ነበር የሚገርመው።

የሰንጠረዥ ዕጣ ግን ሌላ ነው። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር፣ መደቅ የሚሰለፉበት የአገራችን ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል፤ ሄንሪ ሶልትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል። በወረራ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ሁለቱም እንዳሻቸው፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ያሰልፋል። ቆንስሉ ዎልተር ፕላውደን እንደመሰከረው ማሸነፉ ብቻ አይበቃም፤ በምን አሸነፍክ ነው ጥያቄው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት እንደ ጀማሪ ያስቆጥራል፤ በደካማዎቹ፣ በፊልና በመደቅ ሲሆን ነው ክብሩ። ብቻውን የቀረ ንጉሥም ማት አይባልም። እኔ እንደዚህ የሚያምር ሕግ አላውቅም። ይሁንና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቼዝ መጣና ተጫዋቹ የዓለሙን ሕግ መረጠ። ማንም በአዋጅ አልከለከለውም፤ በየቤቱ፣ በየክበቡ «በዚህኛው እንጫወት» እየተባለ ነው ወረራ የጠፋው። ዛሬ ስንቱ ቼዝ አዋቂ ነው «ደር» ሲባል የሚገባው?

የአዋሽ ሰው ይህን ጣጣ በሌላ መንገድ ፈትቶት ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያው ዘመን በሌሊት አይጓዝም ነበርና ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። ኪሱ የፈቀደለት ቡፌ ዳዋሽ ይገባል፤ ያልፈቀደለት እንደ ምንም ያነጋል። ከተማዋም በዚያ በሚያድርና በሚያልፍ ሰው ላይ ቆመች። ነፍሱን ይማረውና አጎቴ በወጣትነቱ በአዋሽ በኩል ይመላለስ ነበር። በጣቢያው ባቡር ሲጠበቅ ዳማ በቆርኪ ይጫወቱ እንደነበር ነግሮኛል፤ የአንዱ ቆርኪ በሆዱ፣ የሌላው በጀርባው። አንዱ «መብላት እያለበት ያልበላ ቆርኪው ይወሰድበታል» ሲል፣ ሌላው «በግድ መብላት ከየት የመጣ ነው?» ይላል። የጠብ ፍሬ! እንግዲህ እዚያ ጣቢያ መፍትሔው «አንድ ዙር በአንተ፣ አንድ ዙር በእኔ» ነበር አለኝ። ነገ ለማይገናኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ዳኝነት ከየት ይመጣል?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974፣ ድንቅነሽ በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር ላይ በተገኘችበት ዓመት፣ አሜሪካ ውስጥ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ ታተመ። ጠረጴዛ ከበው አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠንቋይ ሆኖ ተረት እየፈጠሩ የሚጫወቱት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚሁ መልክ የተሠራው ብዙ ነው፤ ቡድኖችም በየትኛው ሥርዓት እንጫወት እያሉ ሲከራከሩ ያመሻሉ። አንዱ ሕጉ የበዛውን፣ ሌላው ለወሬ የሚመቸውን ይፈልጋል። የሚያኮርፍም አይጠፋም።

የሰመራው አኩራፊ ግን አኩርፎ አልነበረም፤ ወይም ራሴን ያጽናናሁት እንደዚያ ብዬ ነው። በአራተኛው ቀን የአጎቴን ዳኝነት ይዤ ሄድኩ። «ዛሬ አንዱ ዙር በአንተ ሕግ ይሁን» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ሕጌን እኮ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። እውነቱን ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዳጉ አለ፤ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ሳይለዋወጥ ወደ ሌላ ጉዳይ አይገባም። እኛ አራታችን ግን ከየአገራችን ይዘን የመጣነውን ተከራክረን፣ በአገሩ ተቀምጠን አገሬውን ሳንጠይቅ ድምፅ ሰጠን። እፍረቱ አሁንም አለብኝ።

ማታ መጣ። የእንጨቱን ገበጣ ወደ ጎን አደረገው። ከምንጣፉ ጫፍ ወረደና በጣቱ መሬቱን ይጭር ጀመር፤ በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ እንደዚያ ነበርና የሚጫወተው። ጉድጓዶቹን ከጨረሰ በኋላ ከኪሱ የደረቀ የፍየል በጠጥ አወጣና ያድል ጀመር። ወሎዬው «በዚህማ እጄን አላስገባም!» ብሎ ዘሎ ተነሣ። «ጠጠር የምትቆጥረው ጠጠር ያለበት አገር ስትሆን ነው» አለው አፋሩ፣ ሳቁን እንደምንም ይዞ። እያንዳንዷን ሕግ ሁለት ሁለት ጊዜ አስረዳን። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ወሎዬውም ይህን ሲያይ እጅጌውን ሰብስቦ ከጎኔ ቁጢጥ አለ።