የንጹሐን ደምና የመንግሥታት ወዳጅነት

ስለ ጦርነት ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምናጠናው የጦር አዝማቾችን ስም፥ የውጊያውን ስፍራና የድሉን ቀን ነው። መሣሪያ ሳይዙ በቤታቸው፥ በገበያና በሕመም አልጋ ላይ የሞቱት ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቁጥር ብቻ ሆነው ያልፋሉ። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ መንግሥት ሰላማዊ ሕዝብ ሲፈጅ፥ ሌሎች መንግሥታት ወዳጅነቱን ስለሚፈልጉት ዝም ቢሉ ከደሙ ዕዳ ነጻ ናቸውን? ለዚህ ጥያቄ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን የሆነው ይበቃል።

የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳያውጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ በ1920 ዓ.ም. ያጸደቀች አገር ነበረች። ሆኖም ከታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ጀምሮ አይሮፕላኖቿ በተከዜ አካባቢና በሌሎችም ስፍራዎች የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ይህ ጋዝ ወታደሩን ከገበሬው አይለይም። በሣሩና በወንዙ ላይ ስለሚያርፍ ውኃ የሚቀዳውንም፥ ከብት የሚጠብቀውንም ያቃጥላል። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በቦምብ በተደበደበች ጊዜ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀንም በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በቦምብ ተደብድቦ ብዙ ሕሙማን አለቁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የመጣው ከተማው ከተያዘ በኋላ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በጣሉ ጊዜ፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨፈጨፈ፤ ሰው ከነቤቱ ተቃጠለ። በአገር ውስጥና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችም እየተፈለጉ ተገደሉ። ይህን ስናነብ እኛ ተማሪዎች በተለይ ልብ ልንል ይገባናል። በግንቦት ወር ደግሞ ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ 297 መነኮሳት ማስገደሉን ራሱ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም አስታወቀ፤ የኋላ ተመራማሪዎች ግን የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ጽፈዋል።

ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ጠቅላላ የሟቾች ቁጥር 760,300 ነበር። ከዚህ ውስጥ በጦር ሜዳ የወደቁት ወታደሮችና አርበኞች 353,500 ናቸው። የቀሩት 406,800 ግን ከጦር ሜዳ ውጭ የሞቱ ናቸው። ከእነዚህም 300,000ዎቹ መንደራቸው ከጠፋ በኋላ በችግርና በረሃብ ያለቁ ሲሆኑ፥ 17,800ዎቹ ደግሞ በቦምብ የተገደሉ ሴቶች፥ ሕፃናትና ሌሎች ሰዎች ናቸው። ስለ አንዳንዱ ቁጥር የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመንግሥታት ማኅበር ምን አደረገ? ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የንግድ ቅጣት ጣለባት። ነገር ግን አይሮፕላንና ካሚዮን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ዘይት ከቅጣቱ ውጭ ሆነ። የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ነበር። በዚያው በኅዳር ወር መጨረሻ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ከአገራችን ሰፊውን ክፍል ለሙሶሊኒ ለመስጠት በምስጢር ተስማሙ። ምስጢሩ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ስለ ተቆጣ ሆር ከሥልጣን ወረደ። ከዚህ የምንረዳው ሕዝብና መንግሥት ሁልጊዜ አንድ ልብ እንዳልሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ ተገኝተው ስለ ጋዙና ስለ ሕዝቡ እልቂት ቢናገሩም፥ ቅጣቱ ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ።

እርግጥ ነው፥ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መሪዎች ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ሂትለር እየበረታ ነበር፤ ኢጣልያን ከእርሱ ጋር እንዳትሆን ካደረግን ትልቁን ጦርነት እናስቀራለን፥ የብዙ ሰውም ሕይወት ይድናል ብለው አሰቡ። ይህ አሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እነርሱ የሚያድኑትን ነፍስ ዋጋ የከፈለው ሌላ ሕዝብ ነበር፤ ያውም ሳይጠየቅ። ደግሞም ያሰቡት አልሆነላቸውም። ሙሶሊኒ በ1929 መባቻ ከሂትለር ጋር ተወዳጀ፤ ትልቁም ጦርነት አልቀረም። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ የእኛ አርበኞች በአንድ ጊዜ ወዳጅ ተባሉ። በደላችን ያው ነበር፤ የተለወጠው የመንግሥታቱ አሰላለፍ ብቻ ነው።

ፍርዱም እንዲሁ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. ጦሩን ይመራ የነበረው ባዶሊዮ በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፥ በነሐሴ ወር 1935 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ታረቀ፤ ወዲያውም ከእነርሱ ጎን ተሰለፈ። ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን በጦር ወንጀል ብትከስም አንድም ሰው ተላልፎ አልተሰጣትም። ግራዚያኒ በአገሩ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከጀርመን ጋር ስለ ተባበረ ነው እንጂ ስለ አዲስ አበባና ስለ ደብረ ሊባኖስ አልነበረም፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ተፈታ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ በ1988 ዓ.ም. ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንግዲህ እኔ እንደሚመስለኝ፥ መንግሥታት መወዳጀታቸው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ደካማ አገር ያለ ወዳጅ መኖር አይሆንላትም። ክፉው፥ ወዳጅ ሲገድል አደጋ ነው ማለት፥ ጠላት ሲገድል ግን ወንጀል ነው ማለት ነው። ይህ ሚዛን እኛንም ይመለከታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ዕለት፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስና በከተማው በቀሩት ኢጣልያውያን ላይ ግፍ እንዳይፈጽም አዘዙ። ወንድሙ የተገደለበት፥ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ይህን መስማት እንዴት እንደ ከበደው መገመት አያቅትም። ነገር ግን በዚያ ቀን የጠላት ሚስትና ልጅም ንጹሕ ሰው ተብለው ተቈጠሩ። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ለአገራችን የምንመክረው እኛ የዛሬዎቹ ተማሪዎች፥ ወዳጅ በምንመርጥበት ጊዜ ይህን ቀን እናስታውስ።