ፊደል ቆጠራ በራያ ቆቦ፡ የሕፃናት የንባብና የጽሕፈት መጀመሪያ

ከወልድያ ወደ ሰሜን ሲጓዙ የሚገኘው የቆቦ ሜዳ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በላስታ ከፍታዎች መካከል የተዘረጋ፣ ማሽላና ጤፍ አብቃይ የሆነ የራያ ቆላ ነው። በዚህ ሜዳ ባሉ አጥቢያዎች የሕፃናት ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የሚጀመረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል በመቁጠር ነው። መዋዕለ ሕፃናት የሚለው ስም ከመታወቁ በፊት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን ሰብስባ ፊደል ያስቆጠረች ቤተ ክርስቲያን ናት።

ይህን ጉዳይ ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ራያ ቆቦ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። በቅርቡም በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ጦርነት ወደ ቆቦ ደርሶ ለወራት ቆይቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ደግሞ ዳግመኛ ተመልሷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ሰላም ሲሆን ይከፈታል፤ የልጅ አምስተኛና ስድስተኛ ዓመት ግን አልፎ አይመለስም። ስለዚህ አባቶቻችን ያቆዩልን የፊደል ትምህርት ሥርዓት ምን እንደሚመስል፣ ጽሕፈትስ እንዴት እንደሚጨመርበት፣ የወላጆችና የአጥቢያ ድርሻ ምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ በቅደም ተከተል እናያለን።

ፊደልና ቤተ ክርስቲያን

ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ፣ ጢሞቴዎስ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዳወቀ ይመሰክርለታል (2ጢሞ. 3፥15)። በዚያው መልእክት የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት ያነሣል (2ጢሞ. 1፥5)። ከዚህ የምንረዳው የሕፃን ትምህርት በቤት በእናትና በአያት እንደሚጀመር፣ ፍጻሜውም ቅዱሳት መጻሕፍትን ማወቅ እንደሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያን ፊደልን የምታስተምረው ልጁ ጸሎቱን አንብቦ እንዲጸልይ፣ ቃለ እግዚአብሔርንም በገዛ ዐይኑ እንዲያይ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚያስረዳው የግእዝ ፊደል ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን የድምፅ መለያ ያገኘው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ነው። ወሎም በዚህ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ አላት። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስፋፉት ትምህርት ብዙ ቅዱሳንን አፍርቷል፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የንባብ ቤት ልጆች መማሪያ የሆነው መዝሙረ ዳዊትም በማተሚያ ከታተሙት የግእዝ መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው፤ የታተመውም በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ ነበር። ዛሬ በቆቦ አጥቢያ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን የዚህ ረጅም ሐረግ ተረካቢ ነው።

የንባብ ቤት ቅደም ተከተል

የአብነት ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ይባላል። ትምህርቱ ደረጃውን ጠብቆ የሚሄድ ስለሆነ አንዱን ዘሎ ወደ ሌላው መሻገር ልጁን ይጎዳዋል።

1. ሀሁ፦ ሕፃኑ ፊደል በተጻፈበት ወረቀት ወይም ብራና ላይ በስንደዶ ወይም በጭራሮ እየጠቆመ ፊደላትን በድምፅ ይቆጥራል። የግእዝ ፊደላት 26 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በግእዝ፣ በካዕብ፣ በሣልስ፣ በራብዕ፣ በኃምስ፣ በሳድስና በሳብዕ ሰባት ሰባት ጊዜ ስለሚዘረዘሩ 182 ይሆናሉ። በአማርኛ የተጨመሩት ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ሲታከሉ 33 ፊደላት ከነዝርዝራቸው 231 ይደርሳሉ። ዲቃላ ፊደላት ከዚህ ውጭ ናቸው።

2. አቡጊዳ፦ ፊደላቱ በሌላ ቅደም ተከተል ተሰድረው የሚቆጠሩበት ነው።

3. ፊደለ ሐዋርያ፦ ከቅዱስ ዮሐንስ አንደኛ መልእክት መጀመሪያ የተወሰደ ንባብ ሲሆን፣ ሕፃኑ ፊደላት ተገጣጥመው ቃል ሲሆኑ የሚያይበት የመጀመሪያው ስፍራ ነው።

4. መልእክታት፣ ወንጌለ ዮሐንስና መዝሙረ ዳዊት፦ ልጁ በመልእክታትና በወንጌል ከተለማመደ በኋላ 150ውን መዝሙር፣ ጸሎተ ነቢያትን፣ መኃልየ መኃልይን፣ ውዳሴ ማርያምንና አንቀጸ ብርሃንን ያነባል። ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው የኔታን ያመሰግናሉ።

ንባቡም በአንድ ጊዜ የሚፈጠን አይደለም። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠሩ በቁጥር፣ ቀጥሎ ረጋ ብሎ በግእዝ፣ ከዚያ በውርድ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይሄዳል። ቃላት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ተብለው የሚለዩትም በዚሁ ሂደት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ልጆች በማታ ተሰብስበው ጸሎታትን በቃል ያጠናሉ፤ የቃል ትምህርት የሚባለው ይህ ነው።

አቡጊዳ ለምን ያስፈልጋል?

በብዙ ቦታ የሚታየው ችግር ሕፃኑ ፊደሉን በዜማ ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል፤ ከመካከል አንዱን ጠቁመን ስንጠይቀው ግን ዝም ይላል። ጆሮው የያዘውን ዐይኑ አልያዘም ማለት ነው። ወላጆችም ልጃቸው ሀሁን ጨረሰ ብለው ደስ ሲላቸው፣ ልጁ አንደኛ ክፍል ገብቶ ማንበብ ሲሳነው ይደነግጣሉ። በጦርነትና በስደት ትምህርቱ የተቆራረጠበት ልጅ ላይ ይህ ችግር ይበረታል፤ ዜማው በአእምሮው ሲቀር የፊደሉ መልክ ግን ይጠፋበታልና።

አባቶቻችን ይህን ዐውቀው መፍትሔውን በሥርዓቱ ውስጥ አስቀምጠውልናል። በአቡጊዳ ገበታ የመጀመሪያው መስመር አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ይላል። ፊደላቱ በአበገደ ተራ እየተለዋወጡ፣ ድምፃቸውም ከግእዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። ሕፃኑ በለመደው የሀሁ ዜማ ሊወጣው ስለማይችል እያንዳንዱን ፊደል አይቶ ለመለየት ይገደዳል። ስለዚህ ጊዜ ለማትረፍ ብሎ አቡጊዳን መዝለል ትምህርቱን መፈተኛውን ማስቀረት ነው። ወላጅም ፊደል ባያውቅ እንኳ ታላቅ ልጁን ጠርቶ፣ ታናሹን ገበታውን ከታች ወደ ላይና ከቀኝ ወደ ግራ እንዲያስቆጥርለት ማድረግ ይችላል።

ጽሕፈት መቼና እንዴት ይጀመር?

በአብነት ትምህርት ንባብና ጽሕፈት ለየብቻ የሚሰጡ ሙያዎች ነበሩ። ቁም ጽሕፈት ብራና መዳመጥን፣ ቀለም መበጥበጥንና መቃ መቅረጽን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የሚማሩት ንባብን የጨረሱ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን ሕፃኑ አንደኛ ክፍል ሲገባ እርሳስ መያዝ ይጠበቅበታል። ስለዚህ በንባብ ቤት ውስጥ ለዕድሜው የሚመጥን የጽሕፈት ልምምድ መጨመር ይገባል እንላለን።

ልምምዱ በደብተር መጀመር የለበትም። የአራት ዓመት ልጅ ጣቶች እርሳስን አጥብቀው ለመያዝ ገና አልጠኑም። በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ዳር የሚገኘው አሸዋ ለዚህ ይበቃል፤ አሸዋውን በሰፌድ ወይም በሰፊ ትሪ አድርጎ ልጁ በጣቱ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ከአዝመራ በኋላ የሚተርፈውን የማሽላ አገዳ ቆራርጦ የፊደሉን ቅርጽ መሬት ላይ መሥራትም እጅንና ዐይንን አብሮ ያሠለጥናል። ከዚህ በኋላ በከሰል ወይም በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ በመጨረሻም በእርሳስ በደብተር ላይ ይጻፋል።

መምህሩ ለልጁ የፊደሉን ጠባይ ቢያሳየው ሸክሙ ይቀልለታል። ለምሳሌ በበ ቤት፣ ቡ በቀኝ ጎኑ መካከል ላይ፣ ቢ በቀኝ እግሩ ግርጌ ላይ ቅጥያ አላቸው፤ ቤ በቀኝ እግሩ ግርጌ ቀለበት ይይዛል፤ ባ የግራ እግሩ ያጥራል። ይህ ጠባይ በብዙ ፊደላት ላይ ስለሚደገም ልጁ አንዱን ሲያውቅ ሌላውን ይገምታል። ሳድስና ሳብዕ ግን መልካቸው ስለሚለያይ በየራሳቸው መጠናት አለባቸው። እንደ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ጸ እና ጰ ያሉ ተቀራራቢ መልክ ያላቸውን ፊደላት በአንድ ቀን ባያስተምሩ ይመረጣል፤ አንዱ ጸንቶ ከተያዘ በኋላ ሌላው ይከተላል።

ልጁ መጀመሪያ የሚጽፈው ቃል የክርስትና ስሙ ቢሆን መልካም ነው። ገብረ ሥላሴ ወይም ወለተ ማርያም ብሎ በገዛ እጁ የጻፈ ሕፃን ፊደል የራሱ እንደሆነ ይሰማዋል፤ የማን ልጅ እንደሆነም አብሮ ይማራል።

ድምፃቸው አንድ፣ ምስጢራቸው ልዩ የሆነ ፊደላት

በአማርኛ ድምፃቸው የተመሳሰለ ፊደላት በግእዝ ትርጉም ይለያሉ። ስለዚህ ንባብ ቤት ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያለ በስማቸው ያስተምራቸዋል። መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ ማለት ሲሆን፣ መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት ነው። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ፣ በራ ሲሆን፣ ሰረቀ በእሳቱ ሰ የሌላውን ወሰደ ይሆናል። ሕፃኑ ትርጉሙን ወዲያው ባይረዳም ስሞቹን ከመጀመሪያው ከያዘ በኋላ ቅኔ ቤት ቢገባ አይቸገርም።

በራያ በቤታቸው አማርኛ የሚናገሩም ትግርኛ የሚናገሩም ልጆች በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። መምህሩ የልጁን አነጋገር ሳይነቅፍና በጓደኞቹ ፊት ሳያሳፍረው ፊደሉን ቢያስተካክልለት ልጁ ትምህርቱን ይወዳል። በአለንጋ የተማረ ፊደል ከፍርሃት ጋር ይቆራኛል፤ ቅዱስ ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ፣ በጌታ ምክርና ተግሣጽ እንዲያሳድጓቸው አዝዟል (ኤፌ. 6፥4)።

ለቆላው የሚስማማ ጊዜ

በቆቦ ሜዳ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሕፃናትን ያደክማል። ስለዚህ ትምህርቱ በማለዳና ፀሐይ ስትበርድ፣ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ ይሻላል። ማሽላው ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ፤ በአጨዳም ጊዜ ቤተሰባቸውን ይረዳሉ። በዚህ ወቅት የቀሩትን እንደ ሰነፍ ቆጥሮ ማባረር አይገባም፤ የቃል ትምህርቱ በማታ ይቀጥል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከጥር ወር ጀምሮ በሳምንት ሁለት የፊደል ቤት ቢያዝ፣ 33ቱ በአራት ወር ገደማ ይጠናቀቃሉ። ከዚያ በኋላ እስከ አዲሱ የትምህርት ዘመን መግቢያ ድረስ ለአቡጊዳና ለፊደለ ሐዋርያ በቂ ጊዜ ይቀራል።

የወላጆችና የአጥቢያ ድርሻ

ይህ ሥርዓት የሚቆመው የኔታ ሲኖሩ ነው። በብዙ አጥቢያ የኔታ ቋሚ ደመወዝ የላቸውም፤ ኑሮ ሲከብዳቸው ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ እርሳቸው ሲሄዱ የልጆቹ ድምፅ ከቅጽሩ ይጠፋል። ስለዚህ፦

ሰበካ ጉባኤው ለፊደል መምህር የሚሆን ድጋፍ በዓመታዊ ዕቅዱ ቢያካትት፤ ምእመናንም በአዝመራ ጊዜ ከየቤታቸው ከማሽላውና ከጤፉ ጥቂት ቢያዋጡ፤

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከየኔታ ጋር ሆነው ታናናሾችን ቢያስቆጥሩና ጽሕፈት ቢያለማምዱ፤

ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከወንዶቹ እኩል ቢልኩ፤ ጢሞቴዎስን ያነጹት ሁለት ሴቶች መሆናቸውንም ቢያስቡ፤

በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡና ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሕፃናት ቢገኙ፣ አጥቢያው ፈልጎ ወደ ጥላው ቢያመጣቸው፤

መደበኛው ትምህርት ቤት ሲከፈት ወላጆች ልጃቸውን ሳይዘገዩ ቢያስመዘግቡ። ንባብ ቤት የመደበኛ ትምህርት መሠረት እንጂ ተቃራኒ አይደለምና።

የሚያስፈልገው ገበታ፣ ስንጥር፣ አሸዋና ታጋሽ መምህር ነው። ከእነዚህ ሦስቱ በራያ ምድር ሁሉ ይገኛሉ፤ አራተኛውን ግን ልናቆየው የሚገባን እኛ ነን። ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ቤት ስትሰጥ ዘመኑ የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ የሆነበት ነበር (1ሳሙ. 3፥1)፤ ያም ሕፃን አድጎ ለሕዝቡ ነቢይ ሆነ። በአስጨናቂ ዘመን ለአንድ ሕፃን ፊደል ማስቆጠርም ለነገው አገልግሎት ዘር መዝራት ነው።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ እንድናሳድግ ልዑል እግዚአብሔር ይርዳን፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።