የጆሮዋ ንቅሳት

እስቲ ቀረብ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንዲት ውሻ ታሪክ ነው። «ስንት የሰው ችግር እያለ የውሻ ነገር ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንዲያ ብዬ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አድምጡኝና ያኔ ፍረዱ።

አሜሪካ የኖረ ሰው ሁሉ ይህችን ውሻ አይቷታል። ከከተማ ከተማ በሚመላለሰው የግሬይሀውንድ አውቶቡስ ጎን ላይ፣ ወገቧን አጥፋ፣ አራት እግሯን ዘርግታ የምትሸመጥጠው እሷ ናት። እኔም አገሩን እንደለመድኩ ሰሞን ከዋሽንግተን ወደ ፍሎሪዳ የወረድኩት በዚያ አውቶቡስ ነው። ሥዕሉን ሳይ ለፍጥነት ምልክት እንዲሆን የተሳለ መሰለኝ እንጂ እንዲህ ያለ ፍጥረት በእውን ይኖራል አላልኩም። ከዓመታት በኋላ፣ በጥር 2021፣ ያ ሥዕል ነፍስ ዘርቶ ታምፓ ከሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ቆመ። እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። በ1919 ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤመሪቪል በምትባል ከተማ ለውሾች ክብ መሮጫ ሠራ። በመሮጫው ጠርዝ ሐዲድ ዘርግቶ፣ በሞተር የሚነዳ ሰው ሠራሽ ጥንቸል አስቀመጠበት። ግሬይሀውንድ የምትባለው ይህች ውሻ እንደ ብዙው አዳኝ ውሻ በአፍንጫዋ ሳይሆን በዐይኗ ነው የምታድነው። የሚሮጥ ነገር ካየች ልቧ አይቀመጥም። በስድስት እርምጃ ያህል ሙሉ ፍጥነቷ ላይ ትደርሳለች፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች። በእያንዳንዱ ዝላይ አራቱም እግሮቿ ሁለት ጊዜ ከመሬት ይነሳሉ። ታዲያ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ጥንቸሏ ትሸሻለች፣ ውሾቹ ይከተላሉ፣ ገንዘቡን ያስያዘው ሕዝብ ይጮኻል። ጥንቸሏ ግን እንድትያዝ አልተሠራችም።

ጨዋታው ባሕር ተሻግሮ በ1926 እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ገባ። ፍሎሪዳ በ1931 ውርርዱን በሕግ ፈቀደችና ከዚያ በኋላ ዋና መናኸሪያው ሆነች። ከኛ ቤት ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ሴንት ፒተርስበርግ የሚገኘው ደርቢ ሌን ከ1925 ጀምሮ ውሾች ሲሮጡበት የኖረ ቦታ ነው።

አንድ ውድድር ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። የቀረውን ቀን ውሻዋ የት ትውላለች? በሽቦ ሳጥን ውስጥ። ሳጥኖቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ። በቀን ጥቂት ጊዜ ለመሽናትና እግሯን ለማፍታታት ትወጣለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትገባለች። ከ24 ሰዓቱ ከ20 የሚበልጠውን እዚያው ተጋድማ ታሳልፋለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ውሻዋ ገና የሦስት ወር ቡችላ ሳለች ሁለቱ ጆሮዎቿ ይነቀሳሉ። በግራው ከእናቷ ሆድ አብረዋት የወጡት ሁሉ የሚጋሩት የመዝገብ ቁጥር፣ በቀኙ የተወለደችበት ወርና ዓመት፣ ከእህት ወንድሞቿ መካከልም ስንተኛ እንደሆነች የምታሳይ አንዲት ፊደል ይጻፋል። በዚያ ጆሮ ባለቤቷ ይታወቃል፣ አሠልጣኟ ይታወቃል፣ ውጤቷ ይታወቃል።

ሯጭ ውሻ ወጣትነቷ አጭር ነው። ሦስት አራት ዓመት ሲሆናት ፍጥነቷ ይቀንሳል፤ ወይም መጀመሪያው ኩርባ ላይ ተጋጭታ እግሯ ይሰበራል። ዕድሜዋ ግን ገና ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልትኖር ትችላለች። ታዲያ ብዙ ጊዜ ያ ቀሪ ዕድሜ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በ1992 አሪዞና፣ ቻንድለር ሃይትስ በተባለ ቦታ፣ በፍራፍሬ እርሻ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ግሬይሀውንዶች ሬሳ ተጥሎ ተገኘ። የተነቀሰው ጆሯቸው ተቆርጦ ነበር። ጆሮ ከሌለ ቁጥር የለም፤ ቁጥር ከሌለ ጠያቂ የለም። በ2002 ደግሞ አላባማ ውስጥ ሊሊያን በምትባል ትንሽ ቦታ፣ በአንድ የመሮጫ ዘበኛ የነበረ ሰው መሬት ላይ ከሺህ በላይ እንደሚሆኑ የተገመቱ ውሾች አጽም ተገኘ። ሰውየው ለአንዷ አሥር ዶላር እየተከፈለው ሲተኩስባቸው እንደኖረ ተናገረ። በአማርኛችን ጠያቂ የሌለውን ደም «ደመ ከልብ» እንላለን፤ የውሻ ደም ማለታችን ነው። ያንን ስሰማ ነው ቃሉ የከበደኝ። እኛ ለሰው ምሳሌ አድርገን የምንናገረው ነገር እዚያ በቁሙ ሲፈጸም ኖሯል።

ነገሩን የለወጠው ቆጠራ ነው። ከ2013 ጀምሮ ፍሎሪዳ ውስጥ በመሮጫዎቹ የሚሞት እያንዳንዱ ውሻ እንዲመዘገብ ግዴታ ሆነ። መዝገቡ ሲደመር በአማካይ በየሦስት ቀኑ አንድ ውሻ ይሞት ነበር። የተመዘገበ ደም ከንቱ አይቀርም፤ ሰዎች ያንን ቁጥር ይዘው በየደጁ ዞሩ፣ በየገበያው ቆሙ። በኅዳር 2018 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል 60 በመቶ ይበቃ ነበር፤ 69 በመቶ ሕዝብ «ይብቃ» አለ። ያን ጊዜ በመላው አሜሪካ ከቀሩት 17 መሮጫዎች 11ዱ ፍሎሪዳ ውስጥ ነበሩ። ቀነ ገደቡ የ2020 የመጨረሻ ቀን ሆነ። ደርቢ ሌን በታኅሣሥ 27 ጥንቸሏን ለመጨረሻ ጊዜ አስሮጠ። ዌስት ፓልም ቢች ውስጥ ደግሞ ውሾቹ በዘመን መለወጫው ዋዜማ፣ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሮጠው ጨረሱ።

እነዚያ ሁሉ ውሾች የት ይገባሉ ብሎ የሰጋ ብዙ ነበር። የመጣው መልስ ደስ የሚል ነው፤ በየክፍለ ግዛቱ ያሉ የማደጎ ቡድኖች ዘንድ ከውሾቹ ይልቅ የሰዎቹ ወረፋ ረዘመ። ወረፋ ከያዙት አንዷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ወትውታኛለች።

ማደጎው እንደ ዋዛ የሚሰጥ አይደለም። ረጅም ቅጽ ሞላን። ግቢው አጥር አለው? ድመት አለ? ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው አለ? ከዚያ አንዲት በጎ ፈቃደኛ መጥታ ቤቱን አየች። ቡድኑ ውሻዋን አስመክኖ፣ ጥርሷን አስጸድቶላት፣ መዥገር ከሚያመጣው በሽታ ነፃ መሆኗን አስመርምሮ ነው የሚሰጠው። እኔ ለግቢ ጥበቃ ትሆነናለች ብዬ ስጠይቅ ሴትየዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ቆዳዋ ስስ ነው፣ ስብ የላትም፤ ውጭ ማደር አትችልም። አትጮኽም ማለት ይቻላል። አንገቷ ከጭንቅላቷ ስለሚወፍር ተራ ማሰሪያ ይሾልካል፤ ስትጎትት የሚጠብቅ ማሰሪያ ያስፈልጋታል። አጥር በሌለበት ከተለቀቀች ደግሞ ሽኮኮ አይታ ከነፈች ማለት ነው፣ ጥሪ አይመልሳትም።

እናቴ ከደብረ ታቦር መጥታ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ውሻዋ ቤት ውስጥ እንደምታድር ስትሰማ ደነገጠች። «ውሻ ደጅ ይጠብቃል እንጂ ከሰው ጋር ምን ያስተኛዋል?» አለች። በዚህ አልተጨቃጨቅንም። ሥዕለ አድኅኖዎቿ ያሉበት ክፍል ለውሻዋ ክልክል እንዲሆን ተስማማን። እስከ ዛሬም ክልክል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከዐይኔ አይጠፋም። መሮጫ እንጂ ቤት አታውቅም። ወደ ጓሮ የሚያስወጣው የመስታወት በር ክፍት መስሏት ሄዳ በግንባሯ ተጋጨች። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ወደ ኋላ ሸሸች። ደረጃ አይታ አታውቅም፤ ሥሩ ቆማ ወደ ላይ ታያለች፣ እግሯ ግን አይነሳም። ልጄ ከኋላዋ ተንበርክካ የፊት እግሯን አንድ በአንድ አንስታ እያስቀመጠች፣ አሥራ ሦስቱን ደረጃ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ሳምንት ሙሉ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ዐይኗን ሳትከድን አደረች። ዐይናቸውን ከፍተው የሚተኙ አሉ፤ ተኝታ ሳለች ድንገት ብትነካ ደንግጣ ልትናከስ ትችላለችና መጀመሪያ በስሟ መጥራት እንጂ መንካት የለም ተብለናል።

በስሟ አልኩ እንጂ ስም ገና አልነበራትም። ልጄ ናት ያወጣችላት፤ እፎይታ አለቻት።

በሁለተኛው ሳምንት ልጄ የባትሪ መብራት ይዛ የእፎይታን ቀኝ ጆሮ ገልብጣ ስታነብ እናቴ ደረሰች። ጆሮዋ ውስጡ እንደ ሐር ስስ ነው፣ የደም ሥሩ ይታያል። በዚያ ላይ በአረንጓዴ ቀለም 3፣ 7 እና ቢ የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈዋል። በመጋቢት 2017 የተወለደች፣ ሁለተኛዋ ማለት ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቴ።

«ንቅሳት ነው፣ አያቴ። ሁሉም አላቸው» አለቻት ልጄ።

የእናቴ አንገት በሦስት ረድፍ ተነቅሷል፤ ግንባሯ ላይም መስቀል አለ። ልጅ ሳለች በእሾህና በጥላሸት የተነቀሰችው ነው። ዝቅ ብላ ጆሮውን አየችው። መነጽሯን አስመጥታ እንደገና አየችው።

«ያማል እኮ» አለች። «እኔን ሲነቅሱኝ እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር። ይቺን ማን ያዛት?»

ማናችንም አልመለስንላትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምረናል። የኛ ቤት ወጥ ለእሷ መርዝ ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳልና እንጀራ ፍትፍት ማጉረስ በቤታችን ቀርቷል። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ግሬይሀውንድ መሆኗን አስቀድመን እንናገራለን፤ ሰውነታቸው አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒት እንደ ሌላው ውሻ ቶሎ አያስወግድም። ደማቸው ደግሞ በቀይ ሕዋስ የበለፀገ ነው፤ ከመካከላቸው ለሌላ ውሻ ደም መለገስ የሚችሉ ብዙ ናቸው። ያን ያህል የሮጠች ፍጥረት ቀኑን ሙሉ መተኛት እንደምትወድ ብነግራችሁ አታምኑም። ጠዋትና ማታ ትንሽ ትሄዳለች፤ ከዚያ በጀርባዋ ተንጋላ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ትተኛለች። ይህንን ጡረታ ሠርታ አግኝታዋለች።

አሁን ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ሥራው አላለቀም። በዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሊንግ ውስጥና ናይትሮ አጠገብ ሁለት መሮጫዎች ቀርተዋል፤ ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። እንግሊዝ፣ አየርላንድና አውስትራሊያ ውስጥም ይሮጣሉ። ማካው በ2018 መሮጫዋን ስትዘጋ ከ500 የሚበልጡ ውሾች ቀርተው በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተቀብለዋቸዋል። ኒውዚላንድም በታኅሣሥ 2024 ውድድሩን እንደምታስቆም አስታውቃለች። በር በተዘጋ ቁጥር ሌላ በር የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። ውሻ ማሳደግ የማይችል፣ የቤቱ ሁኔታ ወይም እምነቱ የማይፈቅድለት፣ ሌላ ብዙ ማድረግ ይችላል። ቋሚ ቤት እስክታገኝ ለጥቂት ሳምንት ማስጠጋት አለ። ቅዳሜ ቀን መኪና ይዞ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ተቀባብሎ ማድረስ አለ። ብርድ ልብስ አለ፣ ለጥርሷ ሕክምና የሚሆን ሃያ ዶላር አለ።

እኔ የተማርኩት ነገር ቢኖር ደም ከንቱ የሚቀረው ማንም «የማን ናት?» ብሎ ሳይጠይቅ ሲቀር ብቻ መሆኑን ነው። የዚያችን ጆሮ ቁጥር ሰዎች ለገንዘብ ጻፉት። ያው ቁጥር ግን የሚያነብ ሰው ሲያገኝ ምስክር ሆነ።

ባለፈው ሰሞን የእፎይታን ጥፍር ልንቆርጥ ተነሳን። ጥፍሯን ስትነካ የምትፈራውን ያህል ነጎድጓድ አትፈራም። ልጄ መቁረጫውን ይዛ፣ እኔ እግሯን ይዤ፣ እሷ እየተንቀጠቀጠች መያዣ አጣን። እናቴ ከጸሎቷ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣል አድርጋ መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ቆዩ» አለችን። «እኔ ልያዛት።»

የእፎይታን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ የተነቀሰውን ጆሮ በመዳፏ ሸፍና፣ አሥራ ስምንቱም ጥፍር ተቆርጦ እስኪያልቅ ይዛት ቆየች።