ጣቢያው ተረፈ፤ ሐዲዱስ?

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስም ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። «ለገሐር» ደግሞ ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን ከሚጠሩበት «ላ ጋር» የተወረሰ ነው። ሁለቱም ስሞች በአገሬው አፍ ተገርተው አማርኛ ከሆኑ ቆይተዋል። ይሁንና ነባሩ የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. በአብዛኛው ፈርሶ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ሲዘረጉበት፣ ከድሮው የተረፈው በዋናነት ስሙ ነው። ለመሆኑ የለገሐር ዕጣስ ምን ይሆን?

ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡር የመዘርጋቱን ፈቃድ ለስዊዙ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አጠረ፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን መንግሥታት ሽኩቻ ተጨመረበት፤ ኩባንያውም ከሠረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈርሞ ሥራው ቢቀጥልም፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ካረፉ ከሦስት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ዛሬ የምናውቀው የጣቢያ ሕንፃም በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መስመር ጨውና ጨርቅ፣ ቡናና ቆዳ ብቻ አላመላለሰም። የከተማይቱንም መልክ ለውጧል። ከጣቢያው ወደ ላይ የቸርችል ጎዳና ወጣ። ከጣቢያው ወደ ታች ደግሞ ሐዲዱ የቂርቆስን መንደሮች እያቋረጠ ወደ ቃሊቲና አቃቂ ወረደ። ባቡር በማያልፍበት ሰዓት ሐዲዱ የሠፈሩ ሰው የእግር መንገድ ነበር፤ ተማሪው በእንጨት ርብራቡ ላይ እየዘለለ፣ ገበያተኛው ሸክሙን ተሸክሞ ይሄድበት ነበር።

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መነሻውን ከመሐል ከተማ አርቆ ለቡ አካባቢ አደረገ። በ2011 ዓ.ም. የለገሐር የመኖሪያና የንግድ መንደር ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ታሪካዊው ጣቢያ ተጠብቆ እንደሚቆይ ተነገረ። መልካም ነው። ግን ምድር ባቡር ቤት ብቻ ነውን? ምድር ባቡር ከሁሉ በፊት መስመር ነው። የሚያልፍበት መንገድ የጠፋበት ጣቢያ ለማያውቀው ትውልድ አንድ ያማረ አሮጌ ሕንፃ ከመሆን አይዘልም።

ሐዲዱን የዘረጉልን የፈረንሳዮች ዋና ከተማ ተቃራኒውን ታሪክ ትነግረናለች። በፓሪስ የባስቲል ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1969 ተዘጋ። ጣቢያው በ1984 ፈርሶ በቦታው የኦፔራ ቤት ተሠራ። መስመሩ ግን ዛፍና አበባ ተተክሎበት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው የሕዝብ መናፈሻ መንገድ ሆነ። እነሱ ጣቢያውን አጥተው መንገዱን አተረፉ፤ እኛ ጣቢያውን አትርፈን መንገዱን እንዳናጣ ያሰጋል።

የባቡር መንገድ ለእግረኛ የሚመችበት ምክንያት አለው። ባቡር ድንገተኛ ዳገት አይወድም፤ መሐንዲሶቹ አቀበቱን በቀስታ እንዲወጣ አድርገው ቀይሰውታል። አዛውንት ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሕፃን በብስክሌት፣ አካል ጉዳተኛ በተሽከርካሪ ወንበር ሊሄድበት ይችላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ መሄድን ለከተሜው አስተምሯል። ነገር ግን እንጦጦ ተራራ ላይ ነው፤ የቂርቆስ ልጅ ግን በደጁ አጠገብ ያለፈ መስመር ነበረው።

እርግጥ በመሐል ከተማ መሬት በወርቅ ይመዘናል፤ በሐዲዱ ዳርና ዳር ኑሮ የመሠረተውም ድሃ ሊታሰብለት ይገባል። ግን ረጅምና ጠባብ መሬት አንድ ጠባይ አለው፦ በአንድ ቦታ ከተቆረጠ መልሶ መቀጠሉ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ከለገሐር እስከ ቂርቆስ ያለው ክፍል ብቻ እንኳ ተለይቶ፣ ጥቂት ሜትር ሐዲድ በቦታው ተትቶ፣ በዳሩ ዛፍ ተተክሎበት ለእግረኛ ቢከለል፣ ሙዚየሙን የጎበኘ ሰው ከበሩ ወጥቶ ባቡሩ በሄደበት መንገድ መሄድ ይችል ነበር። ይህ ደግሞ ቀሪው መስመር በየቦታው ተቆራርጦ ሳያልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።